«ማድረስ በነፃ» የሚባል ነገር የለም

ረጅም ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ለማታ አቆዩት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። የላኩልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም ወልደዋል፤ አንዷ እንዲያውም ገና አራስ ናት። ጥያቄያቸው ተጨምቆ ሲወጣ ይሄ ነው፦ «ቲቸር፣ ከሥራ መልስ ልጅ አዝለው እንጀራ ለደንበኛ እንደሚያደርሱ ሰማሁ። ያዋጣል ወይ? እኔም ልጀምር?»

የሰማችሁት እውነት ነው። በእኔ የሚያፍር ሰው ካለ እባካችሁ ለእኔ ብሎ አይፈር።

ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ ከምጽፍ እዚሁ ልመልስ። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ መልሴም ሒሳብ ነው። መጋገሩ ያዋጣል። ማድረሱ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱም ዋጋ የለውም። ዋጋው ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም፣ ዜሮ ነው። ዛሬ የምከራከረው ከዚህ ዜሮ ጋር ነው።

ከአየር ጤና እስከ ሚኪሊላንድ ያለውን የቴሌግራም ገበያ ገብታችሁ እዩት። እንጀራ የምትሸጥ አለች፣ ሽሮና በርበሬ የምታዘጋጅ አለች፣ ድፎ ዳቦ የምትደፋ አለች፣ የሕፃናት ልብስ የምታመጣ አለች። ሁሉም ማስታወቂያቸው መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አይጠፋም፦ «ያሉበት ድረስ በነፃ እናደርሳለን!» «እናደርሳለን» ሲባል ድርጅት ይመስላል አይደል? ድርጅቱ አንዲት ሴት፣ ሁለት ፌስታልና አንድ የታዘለ ልጅ ነው። ስትደውሉ ከኋላ የሚሰማችሁ ለቅሶ የድርጅቱ ሁለተኛ ሠራተኛ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ የራሴ ናቸው፤ የሌላዋ ሊለይ ይችላል። ቤቴ ዓለም ባንክ ነው፣ ደንበኞቼ ደግሞ እዚያውና ቤቴል አካባቢ ናቸው። እስከ ፋሲካ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ዙር ለሦስት ቤት አሥር አሥር እንጀራ አደርስ ነበር፤ በዙር 30 እንጀራ ማለት ነው። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱ ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ እንጀራ 5 ብር ይተርፈኛል። ስለዚህ ከ30ው 150 ብር። ለመጋገር ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ካልጠፋ። እዚህ ላይ ብናቆም በሰዓት 75 ብር አገኘሁ ማለት ነው። ከመምህር የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ጋር ባላወዳድረው ይሻላል።

አሁን ወደ ማድረሱ። ለሦስቱ ቤት ደርሶ መልስ ባጃጅ 45 ብር። ትልቁን ልጄን ጎረቤት ትቼው ስለምሄድ ለእሷ 30 ብር። (ጠይቃኝ አይደለም። የእሷም ጊዜ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ የእሷን በነፃ ብወስድ ምን ይባላል?) ከቤት ወጥቼ እስክመለስ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ከ150 ላይ 75 ሲነሳ 75 ብር ይቀራል። ጠቅላላ ሰዓቱ 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስለሆነ በሰዓት 17 ብር ገደማ።

ከ75 ወደ 17 ወረደ። አሁን ገልብጣችሁ እዩት። ማድረሱን ለብቻው ከወሰድነው፣ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተሸክሜ የምከፈለው ነገር የለም፤ እንዲያውም እኔ ነኝ 75 ብር የምከፍለው። በወር 12 ዙር ነው፣ 900 ብር። ሰዓቱ ሲደመር 28 ይሆናል፤ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ የሦስት ቀን ተኩል የሥራ ሰዓት ማለት ነው። 28 ሰዓት ሠርታ 900 ብር የምትከፍል ሴት። ይህን ጥያቄ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ባወጣው ኖሮ እናንተው እጃችሁን አውጥታችሁ «ቲቸር፣ ጥያቄው ተሳስቷል» ትሉኝ ነበር።

የገንዘቡን እዚህ ላይ እናቁመው። ልጆቹስ?

«ከልጆችሽ ሳትለዪ ተጨማሪ ገቢ አግኚ» የሚሉ መካሪዎች በቪዲዮ ሞልተዋል። አያቸዋለሁ። አነጋገራቸው ያምራል፤ ግን አብዛኞቹ ልጅ አዝለው፣ በሁለት እጃቸው ፌስታል ይዘው ባጃጅ ውስጥ ለመግባት የሞከሩ አይመስለኝም። አዎ፣ ከልጄ አልለይም። ትንሿ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ቀን ቀን የምትይዝልኝ ዘመዴ የማታ ተማሪ ስለሆነች ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት። እሷ 9 ኪሎ ናት፣ እንጀራው ወደ 10 ኪሎ ይሆናል። ግን ጀርባዬ ላይ ናት ማለት ከእኔ ጋር ናት ማለት ነው እንዴ? የምታየው የነጠላዬን ጥለት ነው። በዚያ ሰዓት አትድህም፣ ግድግዳ ይዛ ለመቆም አትሞክርም። አፏን የምትፈታበት ጊዜ ነው፤ እኔ ግን የማወራው ከባጃጁ ሹፌር ጋር፣ ከደንበኛ ጋር፣ «የትኛው ብሎክ ነው ያላችሁት?» እያልኩ ከስልክ ጋር ነው። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው። ደብተሩን ይዞ ጎረቤት ይጠብቀኛል፤ ብዙ ቀን ስደርስ ደብተሩ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ የራሴን ተኝቶ አቅፌው እገባለሁ።

ስለ ክረምቱ ምንም አልልም። የዓለም ባንክን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ባልሽስ?» ልትሉ እንደምትችሉ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ቤት ሲኖር እሱ ያደርሳል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ እሱ ሲያደርስ ደንበኛ ከፎቅ ይወርዳል። «እንዴት ላስቸግርህ ወንድሜ» ብሎ እየሮጠ ይወርዳል። እኔ ልጅ አዝዬ ስደውል ግን «አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሁለተኛው በር» እባላለሁ። ኮንዶሚኒየሞቻችን ሊፍት የላቸውም። ያው ሕንፃ ነው፣ ያው እንጀራ ነው፣ ሰውዬውም ያው ሰውዬ ነው።

ሰፈራችን መሸከም ዋጋ እንዳለው የማያውቅ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ኮልፌ ግን ስንቱ ሰው በሸክም የሚተዳደርበት ሰፈር ነው። አጠና ተራ ሂዱ። አጠናውን ተከራክራችሁ ትገዛላችሁ፤ ከዚያ ከባለጋሪው ጋር ሌላ ክርክር ትጀምራላችሁ። «አጠናህን ገዝቼሃለሁና ቤቴ ድረስ በነፃ አምጣልኝ» የሚል ገዢ እስከ ዛሬ አላየሁም። ውኃ ሲጠፋ በጋሪ ለሚመጣው ጀሪካን የምንከፍለው ለውኃው ነው? ለማምጣቱ እንጂ! ቤት ስንቀይርማ አታንሱት። እስቲ ጫኝና አውራጆቹን «ቁምሳጥኑን መርቁልኝ» ብላችሁ ሞክሯቸው። እያጉረመረምን፣ እየተራገምንም ቢሆን የጠየቁትን እንከፍላለን። ሶፋ ያወረደ ጎረምሳ ላቡን ሲጠርግ «ሠራ» ይባላል። 10 እንጀራና 9 ኪሎ ልጅ አራተኛ ፎቅ ያወጣች እናት ግን «ምነው ዘገየሽ?» ትባላለች።

ወደ መሀል ከተማ ስትሄዱ ደግሞ እንደ ደሊቨር አዲስና ቢዩ ያሉት አሉ። ምግቡ ይህን ያህል፣ ማድረሻው ይህን ያህል ብለው ለየብቻ ያስቀምጡታል፤ ሰው አይቶ ይከፍላል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሞተር ምግብ ያደርሳል። ባለፈው ቤቴል ላይ ፌስታሎቼን ይዤ አገኘኝና አንዱን ተቀበለኝ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ያላበሰልኩትን ስላደረስኩ ነው የሚከፈለኝ» ብሎ ሳቀ። (ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስቀው እሱ ነበር፤ አልተለወጠም።) ያ ሥራ ለእኛ ይሆናል ወይ ለሚሉ ግን አይሆንም ነው መልሴ። ልጅ ታዝሎ በሞተር አይኬድም። ሞተር ቢኖርም እንኳ ከተማው በ2011 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የሞተር እንቅስቃሴን ካገደ ወዲህ ያለ ፈቃድ መንዳት የለም።

እና ይህ ልዩነት ከየት መጣ? እንደ እኔ እንደ እኔ ሥሩ ምርቃት ነው።

ገበያ ወጥተን ስንገዛ «መርቂልኝ» እንላለን። ሽንኩርት ሻጯ ሁለት ራስ ጣል ታደርጋለች፣ እኛም «ይባረክልሽ» ብለን እንሄዳለን። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ምርቃት ሻጯ ከያዘችው ላይ የምትሰጠው ነው። ሁለቱ ራስ ሽንኩርት የራሷ ናቸው። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሕፃናት ድርሻ አላቸው። የእነሱን ድርሻ ከየት አምጥቼ ልመርቅ? ደግሞም ምርቃት ሲሰጥ ይመሰገናል፣ ሲቀር ማንም አይቆጣም። ነፃ ማድረስ ከዚህ ካለፈ ቆየ። የቀረች ቀን ትወቀሳለች፣ ያመጣች ቀን አትመሰገንም። ይህ ግዴታ ነው፤ ምርቃት የሚለው ስም አይገባውም።

ሌላም ቃል አለ፣ ከምርቃት የባሰ። «በዚያው ስታልፊ ጣል አድርጊልኝ።» ሰባት ዓመት ዓለም ባንክ ስኖር በማንም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በኩል አልፌ አላውቅም። የሴት መንገድ ግን ሁልጊዜ «በዚያው» ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከቁመታቸው በላይ ተንጋሎ። ኑሯቸው ተጠንቶ እስከ መታተም የደረሰ ጉዳይ ነው። አስቡት እስቲ፣ እነዚያ እናቶች የሚሸጡት ምን ነበር? እንጨቱ ተራራ ላይ ነው ያለው፤ እንጨቱን እንጨት የሚያስብለው እኛ በር መድረሱ ነው። ዋጋው ሁሉ የሸክም ዋጋ ነበር። ገዢዎች ስንከራከር ግን «እርጥብ ነው»፣ «ቀጭን ነው» እንል ነበር እንጂ ስንት ሰዓት ተሸከምሽው ብሎ የጠየቀ አላስታውስም። ዛሬ በየሰፈሩ ያለችው እንጀራ ሻጭ የእነሱ ታናሽ እህት ናት። ጭነቷ ቀለል ብሏል፣ ስልክ ይዛለች፣ ቴሌብር አላት። መሸከሟ ግን ያኔም ዛሬም አይታይም።

ደንበኞቼ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። (ይህን የሚያነቡ አሉ፤ ሰላም ብያለሁ።) አብዛኞቹ እንደ እኔው ደሞዝተኞች ናቸው። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ትሆናለች፣ መንታ ልጆች አሏት። እኔ የማደርስላት እንጀራ ለእሷ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ጉዳዩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ ሸክሙ ከአንዲት እናት ጀርባ ወደ ሌላዋ እናት ጀርባ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም። «እሷስ ከየት ታምጣ?» ብትሉኝ ልክ ናችሁ። ግን ተነጋግረናል። 30 ብር በ10 እንጀራ ላይ ሲካፈል ለአንድ እንጀራ 3 ብር ነው። እሷ ጋ በእንጀራ 3 ብር የሆነችው እኔ ጋ ባጃጅና የልጄ ጠባቂ ናት። እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲሰላ ሁለታችንም የምንችለው ነገር ነው። ሳይሰላ ሲቀር ግን ሁሉም አንዷ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ለ14ቱም ደንበኞቼ አንድ አጭር መልእክት ላክሁ። «እንጀራው በነበረበት ዋጋ ነው። ማድረሻ በአንድ ቦታ 30 ብር። ቤቴ መጥቶ ለሚወስድ ማድረሻ የለም። እባካችሁ እስከ ምድር ቤት ውረዱልኝ።» ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንዳፈርኩ ብታውቁ። ፈተና አርመን ውጤት ስንናገር የማናፍር ሰዎች 30 ብር ለመጠየቅ እናፍራለን።

ሦስቱ ሄዱ። ሁለቱ ራሳቸው እየመጡ መውሰድ ጀመሩ። ዘጠኙ እሺ አሉ። ከሄዱት አንዷ «ሌላዋ በነፃ ታመጣልኛለች» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ታመጣለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በከፊል ለዚያች «ሌላዋ» ነው። እኔ ስጠይቅ አንቺ በነፃ ካደረስሽ፣ እኔ ደንበኛ አጣሁ፣ አንቺ ደግሞ በወር 28 ሰዓት አጣሽ። ያተረፈው ማን ነው? በእኛ ዕቁብ ውስጥ አራት ሻጮች አለን፤ ተመካክረን «በነፃ» የምትለዋን ቃል ከማስታወቂያችን አውጥተናል። በእንጀራ ዋጋ እንወዳደር፣ በጥራት እንወዳደር። በልጆቻችን ሰዓት ግን አንወዳደር።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ማድረስ ዜሮ ብር እያለ ሰው አምስት ዛሬ፣ አምስት ነገ ወዲያ ያዝዝ ነበር። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ፤ በነፃ የሚመጣን ነገር ማን ይቆጥባል? 30 ብር ሲባል ግን ጎረቤታሞች «አብረን እንዘዝ» ይባባሉ ጀመር። በአንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ቤቶች አንድ ላይ ያዛሉ፣ 30ውን ለሁለት ይከፍላሉ፣ አንዳቸው ይወርዳሉ። ሦስት የነበረው ዙሬ ሁለት ሆነ። ሒሳቡን የምትወዱ ልጆች ይኸውላችሁ፦ ድሮ በሳምንት 90 እንጀራ ሸጬ፣ 13 ሰዓት ሠርቼ፣ ወጪዬ ሲነሳ 225 ብር ነበር የሚቀረኝ። አሁን 75 እንጀራ እሸጣለሁ፤ 60ውን አደርሳለሁ፣ 15ቱን መጥተው ይወስዳሉ። ከመጋገሩ 375 ብር፣ ከማድረሱ ደግሞ ባጃጅና ጎረቤት ተከፍሎ 30 ብር ትርፍ። 405 ብር። ሰዓቱ ወደ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል። በሰዓት 17 የነበረው 42 ብር ገደማ ሆነ።

ያነሰ ሸጬ የበለጠ አገኘሁ። ሀብታም አልሆንኩም፣ ተረጋጉ። ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። ሐሙስ። ሐሙስ ሐሙስ ትንሿ ወለል ላይ ናት፣ ትልቁም ሳይተኛ እናወራለን።

«መንግሥትስ?» ለምትሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ለምትወልድ ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን ለተቀጠረ ሰው ነው። ለራሷ ጋግራ ራሷ የምታደርስ ሴት አሠሪም ሠራተኛም እሷው ናት፤ አሠሪዋም ጨካኝ ናት። የግል ድርጅት ተቀጣሪ እንኳ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ባልተቆረጠለት አገር፣ የእሷን የሰዓት ዋጋ የሚቆርጥላት ሕግ እስኪመጣ አልጠብቅም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን ይመለከት የነበረው 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ገና አላየሁትም። ይኼ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ሌላ ቀን።

ግን የተደረገውንም መናገር ያስፈልጋል። ከተማው በ2012 ዓ.ም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀምር ትልቁ ልጄ ገና አልተወለደም ነበር። ዛሬ ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው ይበላል፤ የሚያበስሉለትም ለዚያ ሥራ የተቀጠሩ እናቶች ናቸው። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ለደንበኛ ለመጋገር የቻልኩት ጠዋት ለእሱ ምሳ ዕቃ የማልቋጥር በመሆኔ ነው። አንድ ሸክም ባለቤት ሲያገኝ ሌላው እንዴት እንደሚቀል በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ዓይኔን የጣልኩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለጋራ መገልገያ ተብለው የተሠሩት ቤቶች ላይ ነው። ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ታስበው ተሠሩ፤ ስንቱ ተቆልፏል፣ ስንቱ ተከራይቷል። ከ10 እስከ 1 ሰዓት ብቻ አንዱን ከፍተን፣ አንዲት እናት ተከፍሏት አሥር ልጅ ብትይዝ? የኮሚቴ አባላት የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።

አሁን ወደ አምስታችሁ።

አራሷ፣ አንቺ አትጀምሪ። አሁን አይደለም። ገንዘቡ ቢያስጨንቅሽም ወገብሽ ገና ነው፤ ለዚህ ሒሳብ አያስፈልገውም። ልጇ ዓመት ተኩል ያልሞላት ደግሞ በእንጀራ አትጀምር። እንጀራ ቀጣሪ ነው፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ትነሺያለሽ፣ ሳይደርቅ ታደርሺያለሽ፣ ልጅሽ ብታተኩስም አይጠብቅሽም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ ይሻላል። ቢያድርም አይበላሽም፤ በ15 ቀን አንዴ፣ አንቺ በመረጥሽው ቀን ይደርሳል። ትርፉ ቶሎ አይታይም፤ ቀኑ ግን ያንቺ ነው።

ለሱቅ ማስረከብ ያሰብሽዋ፣ ከጎረቤቴ ተማሪ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልጇን አዝላ ሦስት ሱቅ ታዞራለች። አንዱ ባለሱቅ ያልተሸጠውን ማታ ይመልስላታል፤ የተሸጠውንም «ነገ» እያለ ነው የሚከፍላት። የደረቀውን እንጀራ እሷ ለድርቆሽ ታሰጣዋለች። ከገባሽበት መጀመሪያ ቀን ላይ ተነጋገሪ፦ ያረፈ እንጀራ አይመለስም፣ ክፍያ በዕለቱ በቴሌብር። በኋላ ልናገረው ብትዪ አትናገሪውም።

ሁላችሁም ደግሞ ዋጋ ስታወጡ ጤፉን ብቻ አትደምሩ። ባጃጁን ጻፉት፣ ልጅ የምትይዘውን ሴት ጻፉት፣ ሰዓታችሁን ጻፉት። ደብተር ላይ። በጭንቅላት የተሰላ ሒሳብ ሁልጊዜ እናትን ይረሳል። ከደብተሩ በኋላ «ልስጥ» ካላችሁ ስጡ። እኔም አንድ ቤት በነፃ አደርሳለሁ። ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ያሉ አንዲት እማማ አሉ፤ በሳምንት አራት እንጀራ ይወስዳሉ። እሳቸው ጋ ስሄድ ፌስታል ብቻ ይዤ አልሄድም፤ ትንሿን አወርዳትና እቅፋቸው ውስጥ ትቀመጣለች፣ የመቁጠሪያቸውን እንጨት ታኝካለች፣ እኔ ቡና እጠጣለሁ። 30 ብር ልስጥሽ ቢሉኝ እቀየማቸዋለሁ።

ለአዲስ ደንበኞች፦ እስከ ጳጉሜ ቦታ የለኝም። ከመስከረም ጀምሮ ዓለም ባንክና ቤቴል ብቻ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣምራችሁ ስታዙ ይመረጣል። ፎቅ ላይ አልወጣም። ሐሙስ ስልክ አላነሳም።